ሲስተር ጽጌ ሲሸነፉ

በሲስተር ጽጌ ለቅሶ ላይ ሳቅሁ።

ልጃቸው ሕይወት ማለዳ ለባለቤቴ ለሰብለ ደውላ "እማዬ አረፈች" አለቻት። ከቀብር መልስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እቤታቸው ደጃፍ ላይ በተተከለው ድንኳን ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰብለ አስቀድማ "ከወደ ዳር፣ መውጫው አጠገብ ሁን" ብላኝ ነበር። ለምን እንዳለችኝ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዲት ዘመዳቸው ተነሥታ "ስንቱን ያቆመች እጅ፣ ዛሬ አፈር ለበሰች" ብላ ሙሾ ስታወጣ፣ ደረቴ ውስጥ ታፍኖ የዋለው ነገር ፈነዳ። የወጣው ግን ልቅሶ አልነበረም። ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ፣ ድምፅ ያለው ሳቅ ነበር። አፌን በነጠላዬ ያዝሁት። በያዝሁት ቁጥር ባሰበት።

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ የእድሩ ሽማግሌ መጥተው ክንዴን ያዙና "ልጄ፣ ሰው ሞቶ ነው እኮ" አሉኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ያሉት በሐዘኔታ ነው። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ጠጥቶ ነው" ስትል ሰማሁ። ሰብለ ደግፋ አወጣችኝ። አጥሩን ተደግፌ ሳቁ እስኪለቀኝ ቆምሁ። ሲለቀኝ እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ ግን ያየልኝ አልነበረም።

"ተዉት፣ ይህ ሰው እንዲህ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው" ብሎ ሊናገርልኝ የሚችል ሰው ቢኖር፣ የሚለቀስላቸው እሳቸው ነበሩ።

ሲስተር ጽጌ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት አጥንትና ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎች እንደገና መራመድ፣ እንደገና ማንኪያ መያዝ በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ዳገቱን ሲወጡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ፖሊስ አዛዥ የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ያከብራቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። የእኛ ቤት ከእሳቸው ቤት ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ይሁንና ለዓመታት ከ"ጤና ይስጥልኝ" ያለፈ ነገር አልነበረንም። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ጠበቃ ነበርሁ። እንጀራዬ በአፌ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታኝ። ቀኝ እጄ ሰነፈ፣ ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰድሮ ይጠብቅና ምላሴ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ቀረ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ከዚያ ሱቅ ድረስ መውጣትም ቀረ። ጠያቂ ሲመጣ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያሰረኝ ሐፍረቱ ነበር። ከራሴ ሚስት ጋር ስበላ እንኳ የታመመውን እጄን ጋቢ ውስጥ እደብቀው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር ጽጌ የግቢውን በር ገፋ አድርገው ገቡ። ድምፃቸውን ስሰማ ወደ መኝታ ቤት ልሸሽ ተነሣሁ።

"የት ልትሄድ ነው? እኔ የመጣሁት ወደ አንተ ነው" አሉኝ። "ና፣ እጅህን አሳየኝ።"

ከጋቢው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ከዚያ ያለ ርኅራኄ ቆነጠጡኝ።

"ያምሃል?"

"ያ... ያማል።"

"ጥሩ። የሚያመው እጅ በሕይወት ያለ እጅ ነው።" ወደ ሰብለ ዘወር አሉና "ነገ እመለሳለሁ። ጠረጴዛውን አጽጂልን" ብለዋት ሄዱ።

በማግስቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰሌዳና ሁለት የወተት ጣሳ ይዘው መጡ። በአንዱ ጣሳ ጥቁር፣ በሌላው ነጭ ጠጠሮች ነበሩ፤ ለስላሳ፣ እንደ ምስር ፍሬ ከላይም ከታችም ያበጡ። ከነጮቹ የጠፉ ስለነበሩ በካፖርት ቁልፍ ተተክተዋል። እሳቸው ጨዋታውን ዌይቺ ይሉታል። ሌላው ዓለም ጎ ይለዋል። ሰፈሩ ደግሞ "የሲስተር ዳማ" ይለው ነበር። ዳማ ግን አይደለም። ሰሌዳው አግድምና ቁልቁል በመስመር ተሞልቷል። አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ይዞ፣ ተራ በተራ፣ መስመሮቹ በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። የተቀመጠ ጠጠር ወዲህ ወዲያ አይልም። ዙሪያውን ከተከበበ ግን ይበላል፤ ከሰሌዳው ይነሣል። በመጨረሻ በጠጠሮቹ ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል።

ሲስተር ጽጌ ይህን የተማሩት በወጣትነታቸው፣ እሳቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ለጥቂት ጊዜ ካገለገለ አንድ ቻይናዊ ሐኪም ነው። በምሳ ሰዓት ከመድኃኒት ክፍሉ ጀርባ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እሳቸው ቻይንኛ አያውቁ። በእጅና በዓይን አስተማራቸው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሰሌዳውን ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ከእሱ የተማሩትን ለባላቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሕሙማኑም ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ሆኖም አብሯቸው የዘለቀ አልነበረም። ሰው ይሰለቻል፤ ወይም ይድንና ይሄዳል።

"በሦስት ጣት ነው የምታነሣት" አሉኝ። "በዚያ በሰነፉ እጅ። በግራህ ከነካህ ተራህ ያልፍሃል።"

አንሥቼ ሳላደርሳት ወደቀች። ወለሉ ላይ ተንከባልላ ሶፋው ሥር ገባች። ሰብለ ልታነሣልኝ ጎንበስ ስትል "ተዪ" አሏት። "የእሱ ጠጠር ናት።"

የቄስም የዳኛም ፊት ያልፈራሁ ሰውዬ፣ በራሴ ሳሎን በአራት እግሬ ሄድሁ። ሶፋው ሥር ስዳብስ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ይዣት ስወጣ ሲስተር ጽጌ ሰሌዳውን እንጂ እኔን አያዩም ነበር።

"ተራህ ነው" አሉኝ።

ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ ጠጠር አልተረፈኝም። የመጀመሪያ ሰሞን ስሸነፍ እንደ ጠበቃ እከራከር ነበር። "እጄ... እጄ ባይታመም እኮ..." ስል አንድ ቀን አቋረጡኝ።

"ጠጠሩን ያስቀመጠው እጅህ ነው። ቦታውን የመረጠው ማነው?"

ትልቅ ሰው ሆኖ ጀማሪ መሆን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ልጅ ሲሳሳት ይስቃል፣ ይረሳል። ትልቅ ሰው ግን ሲሳሳት ዕድሜውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወድቀው። እሳቸው ይህን ያውቁ እንደሆነ እንጃ። አያባብሉም፣ "በርታ" አይሉም፣ ሆን ብለው አይሸነፉልኝም። ጠጠሬን ከሌሎቹ ለይቼ ወደ እሳቸው ክልል በድፍረት ስልክ "ብቻውን ሲቆም ጀግና ይመስላል፤ ቆይ እስኪበላ" ይላሉ። የተበላብኝን እያየሁ ስቆዝም ጣሳውን በጥፍራቸው ያንኳኳሉ። "የሄደውን ተወው። የቀረህን ቁጠር።"

የሰጡኝ ሕግጋትም ነበሩ። የሰሌዳዋ መሐል ነጥብ አትነካም፤ ለእንግዳ የተተወች ናት። ሌላው የውሃው ሕግ ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ቦታ ላይ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ፣ ያኛው መልሶ ሲበላ፣ ይሄኛው ደግሞ ሲበላ ማለቂያ የሌለው ነገር ይፈጠራል። "እዚህ ላይ ጦርነቱ ይቆማል" ይላሉ ሲስተር ጽጌ። ከዚያ ሁለታችንም ተነሥተን ውሃ እንጠጣለን። ያቺም ቦታ እስከ መጨረሻው አትነካም። እኔ ይህን ሕግ ወደድሁት። ሕግ አዋቂ ስለሆንሁ ይሆናል፣ ጠብ ሲከር ውሃ ጠጡ የሚል ሕግ ያወጣ ሕዝብ ጠቢብ ነው ብዬ ለሰብለ ነግሬያታለሁ።

ሳቁ የጀመረኝ ስትሮኩ ከመታኝ በኋላ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር። የሰብለ አክስት ማረፋቸውን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ሳቅሁባት። ሳምንት አላናገረችኝም። እኔም ልቦናዬን የሳትሁ መስሎኝ ለማንም አልተነፈስሁም። ከዚያ አንድ ቀን ስንጫወት ሲስተር ጽጌ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ ስለ መጀመሪያ ልጃቸው አወሩኝ። ሳል ይዞት ነበር። እሳቸው የሰው ሕሙማን ሲያገላብጡ ተረኛ ሆነው አድረው፣ ጠዋት ሲመለሱ አልደረሱበትም። ይህን ሲጨርሱ እኔ ሳቅሁ። እጄን ነከስሁ፤ አልቆመም። ጠጠሮቹ በሳቄ ተንቀጠቀጡ። ተነሥቼ ልሮጥ ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና ሳቁ እስኪያልቅ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ፤ ልክ ስለ ሳል እንደሚጠይቅ ሐኪም።

"ከ... ከታመምሁ ጀምሮ። ይቅር... ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አጠፋህና? ስትሮክ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ። ልቅሶው መውጫ በሩን ስቶ በሳቅ በር ይወጣል።" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰብለን ጠሯት። "ሰብለ! ነይ ቁጭ በዪ። ባልሽ የሚስቀው ሲያዝን ነው። ሐኪሙ ጋ ውሰጂው፣ የሚቀንስለት መድኃኒት አለ። አንቺም ከእንግዲህ ሲስቅ ካየሽ ምን አሳዘነህ በዪው።"

ሰብለ እዚያው ቆማ አለቀሰች። መድኃኒቱ ቀነሰልኝ፤ ጨርሶ ግን አልተወኝም።

ሲስተር ጽጌ ከቤት ያስወጡኝም በዚህ ጨዋታ ነው። "እዚህ ጨለማ ነው" ብለው ሰሌዳውን ወደ በረንዳቸው ወሰዱት። በረንዳው መንገድ ዳር ነው፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ ያየኛል። ቀጥሎ እሑድ እሑድ ሕይወት በመኪና ወደ እንጦጦ ፓርክ ታወጣን ጀመር። ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሰሌዳውን መሐላችን አድርገን እንቀመጣለን። እዚያ አንድ ቀን ፍርድ ቤት በተቃራኒ ወገን ስንትና ስንት ጊዜ የረታሁት ጠበቃ ከነቤተሰቡ መጣ።

"መስፍን! አንተ ነህ እንዴ?" አለ፤ ዓይኑ ከከንፈሬ ወደ እጄ ወረደ። እጄን ኪሴ ከተትሁ። "አይዞህ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" እያለ ትከሻዬን ሲመታኝ፣ ሲስተር ጽጌ ጣሳቸውን አንኳኩ።

"ጠበቃው፣ ተራህ ነው።"

በግራ ከነካሁ ተራዬ ያልፋል። ሰውዬው ቆሟል፣ ሚስቱ ቆማለች። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። በሦስት ጣት፣ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ጠጠሯን አንሥቼ ቦታዋ አደረስኋት። ሰውዬው ትንሽ ቆሞ ደህና ዋሉ ብሎን ሄደ። እሳቸው ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገሩም። "እዚያ ባታስቀምጣት ይሻልህ ነበር" ብቻ አሉኝ።

የእኚህን ሴት ውለታ እንዴት አድርጌ ልክፈል ብዬ ሳስብ ነው ያ ቅዳሜ የመጣው። ስልኬ ላይ ስጎረጉር ጉርድ ሾላ ውስጥ ጎ የሚጫወቱ ወጣቶች እንዳሉ አገኘሁ። ሀያት የምትባል ልጅ አባቷ ስልክ ከሚሸጡበት ሱቅ በላይ ባለው ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ትሰበስባለች። ሁሉም ከኢንተርኔት ነው የተማሩት። ደወልሁላት። በተቆራረጠ ንግግሬ "ልጆች፣ አስተማሪ አመጣላችኋለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱ፣ ከቻይናዊ የተማሩ" አልኋት። "ዋው፣ እውነት? ፕሊስ ያምጡልን!" አለችኝ። ከታመምሁ ወዲህ እንደዚያ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሲስተር ጽጌ ነጭ የአበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሰሌዳቸውን በጨርቁ ጠቅልለው መጡ። ወጣቶቹ ተነሥተው ተቀበሏቸው፣ ወንበር ሳቡላቸው። የካፖርት ቁልፎቹን ሲያዩ አንዳንዶቹ ፎቶ አነሡ። ሀያት ሻሿን አስተካክላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሌሎቹ ሊማሩ ከበቧቸው። እኔ እንደ ሚዜ ከኋላቸው ቆምሁ።

ገና ጨዋታው ሲጀመር ሀያት አንዲት ጠጠር መሐል ነጥቧ ላይ አስቀመጠች።

"አይ፣ ልጄ!" አሉ ሲስተር ጽጌ። "እሷ አትነካም። የእንግዳ ናት።"

ሀያት ጓደኞቿን አየች። "ማዘር፣ እንደዚህ የሚል ሕግ የለም እኮ። የትም ማስቀመጥ ይቻላል።"

"የለም?"

"የለም፣ ሶሪ።"

ሲስተር ጽጌ ጠጠራቸውን አንሥተው ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆይ ጠጠሮቻቸው መታነቅ ጀመሩ። ሀያት ስታስቀምጥ አታስብም ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ደግሞ ግንባራቸውን ይዘው ይቆዝማሉ። ከዚያ ያ የመበላላት ነገር ተፈጠረ። ሲስተር ጽጌ እፎይ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

"እንግዲህ ውሃ እንጠጣ።"

"ውሃ ጠማዎት?" አለች ሀያት።

"ሕጉ ነው እንጂ። ጦርነቱ ቆሟል።"

ከከበቡን ልጆች አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ደበቀው። ሀያት ፊቷ ቀላ። "ማዘር፣ ሕጉ እንደሱ አይደለም። ወዲያው መልሰው አይበሉኝም እንጂ፣ አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ተጫውተው ከዚያ ተመልሰው መብላት ይችላሉ። ውሃ የሚባል ነገር... የለም።"

ሲስተር ጽጌ ቆመው ቀሩ። እጃቸው ወንበሩ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ሕሙማን፣ በስንት ክፍል ስንት ጊዜ ውሃ ተነሥተው እንደቀዱ ሲያስቡ ፊታቸው ላይ አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። ይህን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ናቸው ብዬ ያስነገርሁት እኔ ነኝ። ልቤ ተሰበረ። ልቤ ሲሰበር ደግሞ ምን እንደሚሆን ይታወቃል።

ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥቼ፣ ከኋላቸው ቆሜ፣ በውርደታቸው ላይ ሳቅሁ። የተሳለቀው ልጅ እንኳ ደንግጦ አየኝ። ሀያት "ጋሼ፣ ነውር ነው!" አለችኝ። ለመናገር ሞከርሁ፤ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ሲስተር ጽጌ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይሁንና የተናገሩት ለልጆቹ ነው።

"አትቆጪው፣ ልጄ። እሱ የሚስቀው ሲያዝን ነው። አሞት ነው። አሁን እያለቀሰልኝ ነው።"

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ሰሌዳው ላይ ብዙም አልተረፋቸውም። ሲያልቅ ለሀያት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡና "በዪ አሁን፣ ከየት ላይ እንደተበላሸብኝ አሳዪኝ" አሏት። ልጅቱ ጠጠር በጠጠር አሳየቻቸው። አመሻሽ ላይ በታክሲ ስንመለስ እሳቸው በመስኮት ያያሉ፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሰሌዳው ጭኔ ላይ ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው።

"ሲስተር፣ ትናንት... አፍረው..."

"አፍሬያለሁ" አሉ። "አታለባብሰው። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንገበገብ አደርሁ። የሠራሁበትን ክፍል አሰብሁ፣ የሞቱትን ሕሙማን ሳይቀር አሰብሁ። ለሁሉም የተሳሳተ ነገር ነው ያስተማርሁት። ለአንተም።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይቅርታ አድርግልኝ፣ መስፍን።"

ጠበቃው ማለታቸውን ትተው በስሜ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"እኔ... የተማርሁት ስሕተት አይደለም።"

"ነው እንጂ። ጠበቃ ሆነህ አትከራከርልኝ።" ከዚያ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅሱ መስሎኝ ነበር። "እኔ ምለው፣ ያ ምስኪን ሐኪም፣ ያን ጊዜ ከወንበሩ የሚነሣው... ለካ ጠምቶት ኖሯል!"

ሳቁ። የበረንዳውን ቋሚ ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ነበር።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኋቸው።

"ምን ይሻላል? አፍሬ ልቀመጥ? ቅዳሜ ልሄድ ነው።"

ሄዱም። በዚያ ዕድሜያቸው፣ እግራቸው ማበጥ ጀምሮ እያለ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሚኒባስ ተጋፍተው ጉርድ ሾላ ወርደው የሱቁን ደረጃ ይወጣሉ። ደካማ ተጫዋች ሲጀመር ጥቂት ጠጠሮች አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ ይፈቀዱለታል፤ ሲስተር ጽጌም የልጅ ልጅ ሊሆኗቸው ከሚችሉ ወጣቶች እነዚያን ጠጠሮች እየተቀበሉ ይቀመጡ ነበር። እኔ አልሄድሁም። የሳቅሁበት ክፍል ውስጥ ተመልሼ መግባት አልቻልሁም። እሳቸውም ና ብለው አላባበሉኝም። እሑድ ሲያገኙኝ ብቻ "ትናንት ሀያት እንዴት አድርጋ እንደቀጣችኝ ላሳይህ" ይሉና ጠጠሮቹን ይደረድራሉ። የተበሉበትን ሲያሳዩኝ እንደ አዲስ ሙሽራ ደስ ይላቸዋል። በእሳቸው ምትክ እኔ እሸማቀቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ከሳምንት ሳምንት ይጎለብቱ ነበር። እኔንም አዲሱን ሕግ እያስተማሩ እንደገና ከሀሁ አስጀመሩኝ።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ነበር። እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ዳገቱን ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። እግራቸውን ይጎትታሉ። ሰብለ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ አላየችኝም፣ ካፖርቴን ብቻ አቀበለችኝ። ሮጬ ደረስሁባቸው። ሮጬ ማለቴ እንደ እኔ ሩጫ ነው። "አዝግመሃል" አሉኝና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። ደረጃውን ወጥተን ስንገባ ልጆቹ ከሰሌዳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ሀያት ግን ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ። "ጋሼ፣ ባለፈው ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ። ያን ቀን ገና ጢሙ ባልበቀለ ልጅ ተሸነፍሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ የሲስተር ጽጌ ልብ ደከመ። ደረጃ መውጣት ተከለከሉ፣ ከዚያ በረንዳም ተከለከሉ። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉላቸው። እኔ ከሰዓት ከሰዓት ሄጄ ሰሌዳውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ እኩል ለእኩል እንጫወት ነበር፤ ጠጠር አበዳሪም ተበዳሪም የለም። አንድ ቀን ጨዋታው አልቆ የያዝነውን ቦታ ቆጠርን። እሳቸው "ድገም" አሉኝ፤ ደገምሁ። አሸንፌ ነበር።

ከጀመርሁ አንሥቶ እስከዚያ ቀን አሸንፌያቸው አላውቅም ነበር። ደስታ ነበር የጠበቅሁት። የመጣብኝ ግን እፍረት ነው። ትራስ ተደግፈው፣ እጃቸው ላይ የመድኃኒቱ መርፌ እንደተሰካ፣ እየተነፈሱ ያዩኛል፤ እኔ ያሸነፍሁት እኚህን ሴት ነው።

"ዛሬ ደክሞዎት ነው" አልኋቸው። "መድኃኒቱም ያፈዛል። ባይታመሙ ኖሮ..."

"ዝም በል" አሉኝ። እንደዚያ ሲቆጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር። "ታምሜ አይደለም። በልጠኸኝ ነው። መራመዱን ወስደውብኛል፣ ጨዉን ወስደውብኛል፣ በረንዳዬን ወስደውብኛል። አንተ ደግሞ ሽንፈቴን አትቀማኝ።"

ሰሌዳውን እንደገና አየሁ። ከዚያ መርፌ በሌለበት እጃቸው ወደ አንድ ጥግ አመለከቱ።

"እዚህ ጋ ነው ያመለጠኝ። አየኸው?"

"አየሁ።"

"እንግዲያው ነገ ና።"

"ነገ የሐኪም ቀጠሮ አለዎት እኮ።"

"ከሐኪሙ በፊት ና።"

በማግስቱ ማለዳ ሄድሁ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ሕይወት ጎንጉናላቸው፣ ጥቁሩን ከነጩ ለይተው ጠበቁኝ። ረጅም ጨዋታ ነበር። ያለ የሌለ ኃይሌን ተጫወትሁ፤ አንዲት ጠጠር አላዘንሁላቸውም። ውጭ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል፤ ሕይወት ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ "እማዬ፣ እየረፈደ ነው" አለች። እሳቸው እጃቸውን ብቻ አወዛወዙባት። ስንቆጥር አሸንፈውኛል፤ ለጥቂትም አይደለም።

"በል አሁን ወደ ሐኪሙ እንሂድ" አሉና፣ ክንዴን ተደግፈው እየተነሡ፣ "ነጠላዬን አቀብለኝ" አሉኝ።